የሐይቁ ሞገድ ወዴት ሄደ? ስለ ቪዲዮ እመቃና ስለ ምስል ጥራት

አንድ የፊልም ወይም የቪዲዮ ሥራ ከተመልካቹ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጆች ውስጥ ያልፋል። ደራሲው ይጽፈዋል፤ አዘጋጁ መልክ ይሰጠዋል፤ ተዋናዩ ነፍስ ይዘራበታል፤ የካሜራው ባለሙያ ብርሃኑን መዝኖ ያነሣዋል፤ አርታኢው ቆርጦ ይቀጥለዋል። ሒሳችንም ሲመረምር የኖረው በአመዛኙ የእነዚህኑ ሰዎች ሥራ ነው። ከአርታኢው ጠረጴዛ በኋላ ግን አንድ ሌላ እጅ አለ። ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ከሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ይህ እጅ የተጠናቀቀውን ምስል ተቀብሎ ከመቶው ከዘጠና ዘጠኝ የሚበልጠውን መረጃ ይጥልና ቀሪውን ለሕዝብ ያደርሳል። ሥራው እመቃ ይባላል። ይህን ያህል ነገር የሚጥል እጅ ከሒስ ዓይን ውጭ ሊቆይ አይገባውም የሚለው እምነት ነው ይህን ጽሑፍ ያስከተለው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ በሐዋሳ ከተማ በጉዱማሌ ይከበራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ መርምረው ቀኑን ይናገራሉ፤ ቤተሰብ ሁሉቃ በተባለው በር ሥር ያልፋል፤ ቡርሳሜ ይበላል፤ በአደባባዩም ቄጣላው ይወርዳል። ዛሬ ዛሬ ከታዳሚው መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ የማይቀርጽ ጥቂት ነው። የተቀረጸውም በዚያው ዕለት ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ባሕር ማዶ ላሉት ወገኖች ይደርሳል።

የደረሰውን ምስል እንመልከተው። ሽማግሌው ተቀምጠው ሲመርቁ ጺማቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካሜራው ወደ ቄጣላው ዞሮ መቶዎች በአንድ ጊዜ ሲነሡና አቧራው ሲቦን ግን ምስሉ ይፈርሳል። ፊቶች ካሬ ካሬ ይሆናሉ፤ እግሮች ከመሬቱ ጋር ይቀላቀላሉ፤ አቧራው የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ካሜራው አልተበላሸም፤ ቀራጩም አልተሳሳተም። የሆነው ነገር የበጀት እጥረት ነው።

የበጀቱን ስፋት ለመረዳት ጥቂት ቁጥር ማየት ግድ ይላል። በተለመደው ከፍተኛ ጥራት አንዱ ምስል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች አሉት፤ ይኸውም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ቢመደብ አንዱ ምስል ብቻውን ከ6 ሜጋባይት ይበልጣል። በሴኮንድ 25 ምስል ሲቆጠር 155 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 9.3 ጊጋባይት፣ በሰዓት ወደ 560 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህን ተሸክሞ የሚሄድ የስልክ መስመርም ሆነ የሳተላይት ኪራይ የለም። በመሆኑም በእጃችን የገባው የአንድ ደቂቃ ቄጣላ 10 ሜጋባይት ከሆነ፣ ከመነሻው 930 እጅ የደረሰን አንዱ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ምስሉ ለምን ተበላሸ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በአንዱ እጅ ይህን ያህል መታየቱ ሊያስደንቀን በተገባ ነበር።

እንዴትስ ተቻለ? የመጀመሪያው ቁጠባ በሰው ዓይን ተፈጥሮ ላይ የቆመ ነው። ዓይናችን የብርሃንን መድመቅና መፍዘዝ አጥርቶ ይለያል፤ የቀለምን ዝርዝር ግን ያን ያህል አያይም። ስለዚህ አማቂው ፕሮግራም ብርሃኑን ለየነጥቡ ሲመዘግብ፣ ቀለሙን ለአራት ነጥብ በጋራ ይመድባል። በዚህ ብቻ መረጃው በግማሽ ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ አይታወቅም። ሆኖም በነጭ ነጠላ ዳር የተሸመነ ቀጭን ቀይ ጥለት ከራቅ ካለ ቦታ ሲነሣ፣ ቀዩ ወደ ነጩ ፈሶ፣ የጥለቱ ሐረግ ደብዝዞ ይገኛል። ሸማኔው ቀን ከሌት የለፋበት ነገር «ዓይን አያየውም» ተብሎ ከተተወው ወገን ይመደባል።

ሁለተኛው ቁጠባ ሒሳባዊ ነው። ምስሉ በትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል። ናሲር አህመድ፣ ናታራጃንና ራኦ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የኮሳይን ስሌት አማካይነት፣ በየካሬው ውስጥ ያለው የብርሃን ለውጥ ሰፊና ዝግ ካለው ጀምሮ እስከ ደቃቁና ፈጣኑ ድረስ በተራ ይሰለፋል። ከዚያ ቁጥሮቹ ይጠጋጋሉ። ደቃቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ሆነው ይቀራሉ። የሚጠፋው በእርግጥ የሚጠፋው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ማጠጋጋቱ ሲጠብቅ ፋይሉ ያንሳል፣ ምስሉም ይደኸያል፤ ሲላላ ምስሉ ይፋፋል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ጥራትና መጠን የሚደራደሩበት ሚዛን በመሠረቱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ቁጠባ በጊዜ ላይ የሚደረግ ነው። አማቂው አንዱን ምስል ሙሉ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ ተከታዮቹን እንደ አዲስ አይጽፋቸውም፤ «ይህ ካሬ ከቀደመው ምስል ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ ሄዷል» የሚል መመሪያ ይሰጥና የቀረውን ጥቃቅን ልዩነት ብቻ ይጨምራል። ያልተንቀሳቀሰ ግድግዳ ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጠባ የሚገኘውም ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለቅኔ ሰው የሚታወቅ ነገር አለ። ባለ ቅኔ ሰሚው ሕጉን እንደሚያውቅ ተማምኖ ብዙውን ሳይናገር ያልፋል፤ ፈቺውም ከሕጉ ተነሥቶ የተተወውን ይሞላል። ቪዲዮን የሚያምቀውና በስልካችን ውስጥ የሚፈታው ፕሮግራም የሚግባቡት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ልዩነታቸው ባለ ቅኔው የሚተወውን አውቆ መተዉ ላይ ነው። አማቂው ፊቱ የቀረበለት ሽማግሌ ይሁን ግድግዳ አያውቅም። የሚያውቀው ለውጥንና ወጪን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት እንዲህ ነው፤ ብዙ ለውጥ ያለበት፣ ስለዚህም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ምስል የትኛው ነው? ውሃ ነው። የፀሐይ ብርሃን ያረፈበት የሐዋሳ ሐይቅ ሞገድ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ሲታለፍ ራሱን አይመስልም፤ «ወደ ቀኝ ሄዷል» ተብሎ የሚገለጽ ካሬ አይገኝበትም። በጀቱ ያነሰበት አማቂ ሞገዱን ይለስነዋል። ከአሞራ ገደል በማለዳ የተነሡ የዓሣ አስጋሪዎች ምስሎች ላይ ጀልባው ጥርት ብሎ ውሃው የፈሰሰ ሰም መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚቀረጹት የዘፈን ክሊፖችም እንዲሁ ናቸው። ድምፃዊው ይታያል፤ ሐይቁ ግን ከቦታው ተነሥቶ በምትኩ ሰማያዊ መጋረጃ የተሰቀለ ይመስላል። አዘጋጁ ሐይቁን ለጌጥ ብቻ መርጦት ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። የዘፈኑ ስሜት ከሞገዱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ግማሽ ሥራው ጠፍቷል።

ከውሃ ቀጥሎ ብዙ ወጪ የሚጠይቀው ሕዝብ ነው። ቄጣላ ቄጣላ የሚሆነው በብዛቱ ነው፤ አንዱ ሰው ሲዘልል ማየት ሌላ፣ ሜዳው ሙሉ ሲነሣ ማየት ሌላ ነው። ታዲያ እያንዳንዱ አካል በየራሱ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ፣ አንዱ ሌላውን ሲጋርድ፣ አቧራው በመካከል ሲነሣ ከቀደመው ምስል ላይ የሚቀዳ ነገር ያንሳል። አማቂውም ይቸገራል። በአንጻሩ በመድረክ ላይ ቆሞ ንግግር የሚያሰማ ሰው ለእመቃ እጅግ የተመቸ ነው። ከኋላው መጋረጃ፣ ከፊቱ ጠረጴዛ፣ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩና አልፎ አልፎ እጁ ብቻ። ስለሆነም በአንድ ዕለት፣ በአንድ አደባባይ፣ በአንድ ካሜራ ከተቀረጸው መካከል ንግግሩ ጥርት ብሎ ሲቀር ሕዝቡ ይድበሰበሳል። ይህን ማንም ሰው አስቦ አላደረገውም። ውጤቱ ግን የሕዝብ በዓል ከሚባል ነገር ውስጥ ሕዝቡን ቀድሞ መቀነስ ነው፤ የባህል ሠራተኞች ደግሞ ይህን እያዩ ዝም ሊሉ አይገባም።

ጉዳቱን የሚያባብሰው አንድ የአሠራር ልማድ አለ። ይኸውም ለእያንዳንዱ ሴኮንድ እኩል የቢት መጠን መመደብ ነው። ይህ አሠራር ለሥርጭት ይመቻል፤ የሳተላይት ቻናል የሚከራየው በመስመር ስፋት ስለሆነ ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል። ለምስሉ ግን አይመችም። ተቀምጠው ለሚመርቁት ሽማግሌ የተመደበው ሲተርፍ ለቄጣላው የተመደበው አንድ አሥረኛውን ያህል እንኳ አይበቃም። በምትኩ የጥራት ደረጃን አስቀድሞ ወስኖ የቢቱን መጠን ለትዕይንቱ መተው ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለወጣውና እስካሁንም በሰፊው ለሚሠራበት የኤች 264 ደረጃ ምስል በሚያምቀው ኤክስ 264 በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህ የጥራት መለኪያ ከ0 እስከ 51 ይደርሳል፤ ማንም ካልነካው በ23 ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ በ6 በጨመረ ቁጥር ፋይሉ በግምት በግማሽ ያንሳል። ለአንድ በዓል 18፣ ለአንድ የስቱዲዮ ቃለ ምልልስ 26 መስጠት ይቻላል። ይህን ቁጥር የሚመርጠው ሰው የቴክኒክ ሠራተኛ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ካሜራውን የት እንደሚያቆም እንደሚወስነው ሰው ሁሉ እርሱም በምስሉ ላይ ይወስናል።

ወደ ጨለማው እንለፍ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበው ይኸኛው ነው።

የኑሯችን ብዙው ክፍል የሚታየው በትንሽ ብርሃን ነው። የእሳት ዳር ጨዋታ፣ የሌሊት ቅዳሴ፣ የቡና ጭስ የሞላበት ክፍል፣ በር ብቻ ያለው የሣር ቤት። በእንዲህ ያለው ቦታ የጠይም ሰው ፊት በጥላና በጥላ መካከል ባሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው የሚነበበው። ለአማቂው ግን እነዚህ ልዩነቶች ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፤ ትንንሽ ቁጥሮች ደግሞ በማጠጋጋት ጊዜ ቀድመው ዜሮ የሚሆኑት ናቸው። ጉንጩ፣ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ፣ የግንባሩ መስመር አንድ ወጥ ጥቁር ካሬ ይሆናል። የፎቶግራፍ ታሪክ ይህን የመሰለ ነገር ቀድሞ ያውቃል። የኮዳክ ኩባንያ ለቀለም ማስተካከያ ያሠራጫቸው የነበሩት ካርዶች ለረዥም ዓመታት የነጭ ሴት ፊት የታተመባቸው ነበሩ፤ ሌላው ገጽታ የሚመዘነው በእነርሱ ነበር። አማቂው ፕሮግራም ዘር አይለይም፤ የሚለየው ብርሃንን ነው። ሆኖም የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ሳያደርጉ በተሰጠው ቁጥር ብቻ የሚሠሩበት ሰዎች ውጤቱን ከዚያው ከቀድሞው ቦታ ያደርሱታል።

ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው በሐረር ያደገችው፣ የኢትዮጵያና የሜክሲኮ ተወላጅ ጄሲካ በሺር ያዘጋጀችው «ፋያ ዳዪ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው ይህ ፊልም ስለ ጫትና በጫት ዙሪያ ስላለው ሕይወት ይናገራል፤ ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አዘጋጇ ዓመታት ፈጅታ ራሷ የቀረጸችው ይህ ሥራ የሚተማመነው በንግግር ላይ ሳይሆን በጭስ፣ በጉምና ከመስኮት በሚገባ ስስ ብርሃን ላይ ነው። በግራጫና በግራጫ መካከል ባለው ልዩነት ተጽፏል ብንል ማጋነን አይሆንም። በደህና ሲኒማ ቤት ያየው ሰው ጭሱ ከክፍሉ ጨለማ ጋር እየተዋሐደ ሲሄድ ያስተውላል። በቀጭን መስመር በስልክ ያየው ሰው ግን በጭሱ ፋንታ የተራራ እርከን የመሰሉ ደረጃዎችን ያገኛል። እነዚህ እርከኖች የሚመጡት ብርሃኑን ለመመዝገብ በተፈቀዱት ደረጃዎች ማነስና በማጠጋጋቱ መጥበቅ ነው። በ8 ቢት 256 ደረጃ፣ በ10 ቢት 1024 ደረጃ አለ፤ ጭስና ጉም ላለበት ሥራ የኋለኛው ሲመረጥ እርከኑ በእጅጉ ይቀንሳል። በኤክስ 264ም ውስጥ ለጨለማ ክፍሎች አድልቶ ቢት የሚሰጥ ምርጫ ይገኛል። ፊልሙ ሁለት ዓይነት ተመልካች አለው ማለት ነው፤ አንዱ ያየውን ሌላው አላየም፤ ሁለቱ ተገናኝተው ስለ ፊልሙ ቢከራከሩ የሚከራከሩት ስለ ሁለት ፊልሞች ነው።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ ተውኔቴ በመድረክ ሲታይ ተቀርጾ ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ እናቲቱ በአንዲት ኩራዝ ብርሃን ብቻዋን ትቀራለች፤ አንድም ቃል አትናገርም፤ ተውኔቱ የሚያበቃው በፊቷ ላይ ነው። ቅጂው በስልኬ ሲደርሰኝ ኩራዟ ትታያለች፤ ፊቷ ያለበት ቦታ ላይ ግን የሚንቀጠቀጡ አራት ወይም አምስት ጥቁር ካሬዎች ነበሩ። ተዋናይቷ በዚያ ሌሊት የሠራችው ሥራ ከተመልካቾቹ ትዝታ በቀር የትም የለም። ዋናውን ቅጂ ለማግኘት ቀርጾ ወደያዘው ክፍል ሄድኩ። ለሌላ ሥራ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ተሰርዟል፤ የቀረው ትንሹ ቅጂ ነው። «ያው ነው እኮ፣ አንድ ነው» ተባልኩ። ሰውየው ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ በእርግጥም አንድ ይመስለው ነበር።

የድሮ ፊልሞች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ለየት ይላል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974 በአገር ቤት ቀርጾ በ1976 ለእይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሠራው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ምስል የሚሠራው ከቅንጣቶች ነው፤ ቅንጣቶቹም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ያለ አንዳች ሥርዐት ይቀያየራሉ። ለዓይን ይህ የመሬቱ ሸካራነት፣ የገበሬው ቆዳ፣ የአየሩ ሙቀት ሆኖ ይሰማል። ለአማቂው ግን መላው ምስል በየሴኮንዱ 25 ጊዜ የሚለወጥ ሁከት ነው፤ አንዲት ቅንጣት እንኳ ከቀደመችው አትቀዳም። ስለዚህ በትንሽ በጀት ሲታመቅ ቅንጣቱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ገበሬውም ፊቱን ቅባት የተቀባ የማስታወቂያ ሰው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ 1 የተባለው ደረጃ ለዚህ አንድ ዘዴ አምጥቷል፤ ቅንጣቱን ከምስሉ ለይቶ ያወጣዋል፤ ጠባዩን ብቻ በቁጥር ይመዘግባል፤ በተመልካቹ መሣሪያ ላይ ያንን የመሰለ ሌላ ቅንጣት ፈጥሮ ይነሰንስበታል። ዘዴው ብልህ ነው። የሚታየው ቅንጣት ግን በ1974 በፊልሙ ላይ ያረፈው አይደለም፤ ያንኑ የመሰለ ሌላ ነው። ለሥርጭት ቢሆን አልቃወመውም። በቤተ መዛግብት ለሚቀመጥ ቅጂ ግን አይሆንም ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ «እንግዲያው ፋይሉን አታሳንሱ» የሚል ሰው ቢነሣ እርሱም ተሳስቷል። ቪሲዲ ያደረገውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ደረጃ መሠረት የተሠራው ይህ ዲስክ በአግድም 352፣ በቁመት 288 ነጥብ ብቻ ያለው ምስል፣ በሴኮንድ 1.15 ሜጋቢት እየመገበ 74 ደቂቃ ይይዛል። የምስሉ የነጥብ ብዛት ዛሬ ከፍተኛ ጥራት ከምንለው አንድ ሃያኛ ነው፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልምም ለሁለት ዲስክ ይከፈል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ወደሌለባቸው የወረዳ ከተሞች፣ ወደየቪዲዮ ቤቱና ወደየሳሎኑ የገባው በዚህ ድሃ ምስል ነው። ሰው በዚያ ሥቋል፣ አልቅሷል። ከባድ ሆኖ ከአንድ ከተማ የማይወጣ ንጹሕ ምስል ከዚህ ይሻላል የሚል ካለ ኪነ ጥበብን ለማን እንደሚሠራ ይንገረን።

እንዲያውም ከዚያ ዘመን ፊልሞች ብዙዎቹ ምስሉ ድሃ ቢሆንም ሳይጎዱ የቀሩበትን ምክንያት ማጥናት ይገባል። ታሪኩ የሚሄደው በንግግር ነው፤ ሰዎቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ካሜራው ቆሟል፤ መብራቱ ደማቅ ነው። ለእመቃ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ይህ ቅርፅ የመጣው በእመቃ ምክንያት ነው አልልም፤ የገንዘብ እጥረትና የመድረክ ተውኔት ልማድም አሉበት። ዳሩ ግን የሚያተርፈው የስርጭት መንገድ የሳሎንን ድራማ ሳይጎዳ፣ የመስኩን፣ የውሃውንና የሌሊቱን ፊልም የሚጎዳ ከሆነ፣ አዘጋጆቻችን ሳያውቁት ወደ ሳሎኑ እየተገፉ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር እየኖሩ ሐይቁን ጀርባ ብቻ ማድረግ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ስለ አዳዲሶቹ ደረጃዎች በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265 ከቀዳሚው ከኤች 264 ጋር ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ መጠን ገደማ ይሰጣል፤ በ2020 የወጣው ኤች 266 ደግሞ ከዚያም ያሳንሳል። ጥቅሙ ግን በነጻ አይገኝም። ያው ምስል በአነስተኛ ፋይል እንዲቀመጥ አማቂው ኮምፒውተር አብዝቶ ይደክማል፤ ፈቺውም ስልክ እንዲሁ። አሮጌ ስልክ የያዘ መምህር አዲሱን ፋይል ሲከፍት ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ወይም ጨርሶ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሚዛኑ ባለ ሁለት ወገን ብቻ አይደለም፤ በመጠንና በጥራት መካከል ድካም የሚባል ሦስተኛ ወገን አለ። ለመንደር የሚላክ ሥራ በኤች 264 ቢቀርብ ኋላ ቀርነት አይደለም።

አማካይ ቁጥርን በሚመለከትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የምስልን ጥራት በአንድ ቁጥር ጠቅልለው የሚለኩ ዘዴዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል የቆየው በየነጥቡ ያለውን ስሕተት ደምሮ ያካፍላል። መድረኩ ጨለማ፣ ፊቱም የምስሉ አንድ መቶኛ ሲሆን፣ ፊቱ ቢጠፋ አማካዩ ብዙም አይነቃነቅም፤ ቁጥሩ «ደህና» ይላል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሁሉም ፊልም አንድ ዓይነት ድልድል መስጠቱን ትቶ ለየፊልሙ የየራሱን መመደብ ጀምሯል፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለሰው ዓይን የቀረበ መለኪያ ለሕዝብ አውጥቷል። የእኛ የባህል ክፍሎች ያን ያህል መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። የታመቀውን ሥራ ከመልቀቃቸው በፊት ከመጀመሪያው ሴኮንድ ሳይሆን ከከፋው ሴኮንድ ጀምረው፣ ማለትም ከቄጣላው፣ ከውሃው፣ ከኩራዙ ጀምረው ቢመለከቱት ይበቃል።

የመጨረሻውና እጅግ አስቸኳዩ ነገር የተደጋጋሚ እመቃ ጉዳይ ነው። ስልኩ ሲቀርጽ ያምቃል። አርታኢው ሲያወጣ ያምቃል። ማኅበራዊ መገናኛው ሲቀበል ያምቃል። ከዚያ ወርዶ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይታመቃል። በመጨረሻም የቴሌቪዥን ጣቢያ ከዚያው አንሥቶ ለሥርጭት ያምቀዋል። እያንዳንዱ አማቂ የቀደመውን ስሕተት እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ፣ ያንን የካሬ ጠርዝ ለመጠበቅ ካለው ጥቂት በጀት ላይ ይከፍላል። በአምስተኛው እጅ የደረሰው ጫምባላላ የበዓሉ ምስል መሆኑ ቀርቶ የአራት አማቂዎች ስሕተት ክምችት ይሆናል። በቴሌግራም ቢያንስ «እንደ ፋይል» ብሎ መላክ ይቻላል፤ እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ የባህል ሠራተኛ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ትንሹ ቅጂ ለሥርጭት ነው፤ ተሠርቶ ይላክ፣ ይባዛ፣ ይታይ። ዋናው ቅጂ ግን ሌላ ሥራ አለው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ በጉዱማሌ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ፣ እግሩ እንዴት እንደተነሣ፣ ጥለቱ ምን እንደነበረ ለሚጠይቅ ሰው የሚመልሰው እርሱ ነው። «ቦታ የለም» የሚለው ምክንያት በቁጥር ሲፈተሽ አይጸናም። ካሜራው በሴኮንድ 20 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ አንዱ ሰዓት 9 ጊጋባይት ይፈጃል፤ አንድ ቴራባይት የሚይዝ ኪስ የሚገባ ዲስክ ከ110 ሰዓት በላይ ይሸከማል። የበዓሉን ቀናት ሙሉ በሦስት ካሜራ ብንቀርጽ እንኳ ሞልቶ አይፈስም። ዲስክ ስለሚበላሽ ሁለት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ በላያቸው ላይም ቀኑ፣ ቦታው፣ የቀራጩ ስምና «ዋና ቅጂ፣ አይሰረዝ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸው።